ብሉፊን ኪሊፊሽ እንቁላል ይጥላል፣ ጫጩቱ ግን የት ገባ?

አርሊንግተን_ገንዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። 40 ሊትር ገንዳ፣ የስፖንጅ ፊልተር፣ ብዙ ጃቫ ሞስ (የውሃ ተክል)፣ ሂተር (ውሃ ማሞቂያ) 26 ዲግሪ ላይ። ዓሣዎቹ ሁለት ወንድና አራት ሴት ብሉፊን ናቸው፤ ከኪሊፊሽ ወገን የሆነው ትንሹ የፍሎሪዳ ዓሣ፣ በሳይንስ ስሙ ሉካኒያ ጉዴይ የሚባለው። ወንዶቹ ቀኑን ሙሉ ክንፋቸውን ዘርግተው ይፎካከራሉ፣ ሴቶቹ ሞሱ ውስጥ ሲጥሉ በዓይን ይታያል። ጫጩት ግን የለም። እንቁላሉን ለቅሜ በሳህን ሳስቀምጠው ነጭ ጥጥ ያለብሳል፤ የተፈለፈሉት ጥቂቶቹም አይሰነብቱም። ውሃው የቧንቧ ነው፣ ክሎሪን ማጥፊያ እጨምርበታለሁ። ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ሞስ_አብቃይ፦

የጠየቅኸው ሦስት ነገር ነው፤ ሁለቱን እኔ ልሞክር።

ጫጩት የማይታየው ስለሚበላ ነው። ብሉፊን እንደ ጉፒ አይወልድም፣ እንደ ወርቅ ዓሣም በአንድ ጠዋት መቶዎችን አያፈስም። ሴቷ በቀን ጥቂት ጥቂት እያደረገች ለሳምንታት ትጥላለች። እያንዳንዱ እንቁላል በቀጭን የሚያጣብቅ ክር ቅጠል ላይ ይንጠለጠላል። አዋቂዎቹ ይለቅሙታል፤ ከለቀማው የተረፈውንም ተፈልፍሎ ሲንቀሳቀስ ያገኙታል። 40 ሊትር ውስጥ ስድስት አዋቂ እያለ ሞስ ብቻውን አያድንም። ወይ እንቁላሉን ታወጣለህ፣ ወይ ወላጆቹን።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ሱቅ ውስጥ ከኒዮን ቴትራ ጎን ስለሚሸጡ ሰው ሁሉ የሐሩር ዓሣ አድርጎ ይይዛቸዋል። አይደሉም። የፍሎሪዳ ምንጮች ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ አካባቢ ናቸው፤ ረግረግ ውስጥ የሚኖሩት ደግሞ ብርዱን ከዚያ በታች በወረደ ውሃ ነው የሚያሳልፉት። 26 ላይ ዓመቱን ሙሉ ብታቆያቸው መጣሉን ይጥላሉ፣ ነገር ግን ቶሎ ያረጃሉ። ዕድሜያቸው እንደሆነ ድሮም ከሁለት ዓመት ብዙም አያልፍ። ስለዚህ ሂተሩን ንቀለው።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቤዝመንት ወይም ያልሞቀ ክፍል ውስጥ 14 እስከ 16 ዲግሪ ላይ አሳርፋቸው። መብራት በቀን 8 ሰዓት ብቻ፣ ምግብ ቀን አልፎ ቀን። መጋቢት ሲገባ በየጥቂት ቀኑ አንድ ዲግሪ እየጨመርክ 22 ወይም 23 ላይ አድርሰው፤ መብራቱን ወደ 13፣ 14 ሰዓት አሳድግ። የወባ ትንኝ እጭ፣ እንዲሁም ዳፍኒያና አርቴሚያ የሚባሉትን ጥቃቅን የውሃ ሕያዋን በብዛት ስጥ። ሴቶቹ በሁለት ሳምንት ሆዳቸው ሲሞላ ታያለህ፤ ያኔ የሚጥሉት እንቁላል አሁን ከምታገኘው ጋር አይወዳደርም።

ሻጋታውን ለክንፈ_ሰማያዊ ትቼዋለሁ፤ እሷ ትሻላለች።

ክንፈ_ሰማያዊ፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ 14 ዲግሪውን ግን ከረግረግ ለመጡት ብቻ ባደርገው እመርጣለሁ። ከምንጭ የመጣ ዘር 18 ላይ ቢያርፍ ይበቃዋል።

ወደ እንቁላሉ ልምጣ። ከሞስ ውስጥ መልቀም ዓይን ያጠፋል፤ ሞፕ፣ ማለትም እንቁላል የሚጥሉበት የክር ዘለላ፣ ሥራ። ጥቁር አረንጓዴ ወይም ቡናማ የሹራብ ክር ትገዛለህ፣ አክሪሊክ መሆኑን ስያሜው ላይ አረጋግጥ፤ እውነተኛ ሱፍ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። ክሩን 20 ሴንቲሜትር ቁመት ባለው መጽሐፍ ላይ 40 ጊዜ ያህል ጠምጥም፣ በአንዱ ጫፍ በኩል አጥብቀህ እሰር፣ በሌላው ጫፍ ቁረጠው። ቀለሙ እስኪያልቅ ደጋግመህ አፍላ፤ ውሃው ጥርት እስኪል ገንዳ ውስጥ አይገባም። ከዚያ ከቡሽ ጋር አስረህ አንዱን አንሳፍፍ፣ ሌላውን ድንጋይ አስረህ ከታች አስቀምጥ። ብሉፊን አንዳንዱ ላይ፣ አንዳንዱ ታች መጣል ይወዳል፤ የትኛውን እንደመረጡ በሳምንት ውስጥ ይነግሩሃል።

በየሁለት ቀኑ ሞፑን አውጥተህ በእጅህ ቀስ ብለህ ጨምቀው፤ ውሃው ይውረድ፣ እንቁላሉ አይፈርጥም። ክሩን እየገለጥክ በጣትህ ትለቅማለህ። እዚህ ላይ አትፍራ። ደህና እንቁላል ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ጠጠር ያለ፣ ጥርት ያለ የማር ቀለም ያለው ነው፤ በሁለት ጣት መካከል ቢንከባለል አይጎዳም። ጣትህ ላይ የሚለሰልስ ወይም ነጣ ያለ ከሆነ ሞቷል፤ ያንን ከሌላው ጋር አትቀላቅል። ሻጋታ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ካልተዳቀለ ወይም ከሞተ እንቁላል ላይ ነው፣ ከዚያ ክሩን እየዘረጋ ጎረቤቱን ያንቃል። አንተ ጋ የሆነው ይኸው ነው።

ክዳን ያለው የአንድ ሊትር የምግብ መያዣ ውሰድ፣ 5 ሴንቲሜትር ውሃ ሙላበት፣ ከ50 በላይ እንቁላል አትጨምር። ሜቲሊን ብሉ (ሻጋታ የሚከላከል ሰማያዊ መድኃኒት) በጠብታ ጨምረህ ውሃው ቀለል ያለ ሰማያዊ ሲሆን አቁም፤ የመያዣውን ሥር ማየት ካቃተህ አብዝተሃል። የሞተው እንቁላል ቀለሙን ጠጥቶ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፣ ሕያው ያለው ግን ጥርት ብሎ ይቀራል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በጠብታ ማንሻ የጠቆረውን ብቻ ትለቅማለህ። በየቀኑ ግማሹን ውሃ ቀይር፣ ቀለሙም በዚያው ይሳሳል። በ22 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። መሃል ላይ ሁለት ጥቁር ዓይን፣ ዙሪያቸው የወርቅ ቀለበት ያለባቸው፣ እንቁላሉ ውስጥ ሲዞሩ ታያለህ።

ቀኑ አልፎ ዓይኑ ሞልቶ ካልተፈለፈለ በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ሞልተህ ክዳኑን ግጠም፣ ኪስህ ውስጥ ከተህ ግማሽ ሰዓት ተራመድ። ኦክስጅኑ ሲያንሰውና ሲናወጥ ይፈነዳል። ቀልድ ይመስላል፣ ይሠራል።

ፖቶማክ፦

ማንም ያልነካው አንድ ነገር አለ። አንተ ያለህበት አርሊንግተን (ቨርጂኒያ) የሚጠጣው ዋሽንግተን አክዌደክት የተባለው አቅራቢ የሚያጣራውን ውሃ ነው፤ ይህ ደግሞ አብዛኛውን ዓመት በክሎሪን ሳይሆን በክሎራሚን ይታከማል። ክሎራሚን ማለት ክሎሪንና አሞኒያ ተጣብቀው ማለት ነው። በባልዲ አንድ ሌሊት ቢያድር እንደ ተራ ክሎሪን አይተንም። ርካሹ ማጥፊያ፣ ማለትም ሶዲየም ታዮሰልፌት ብቻ ያለበት፣ ክሎሪኑን ይገድልና አሞኒያውን ነፃ ይለቀዋል። ትልቁ ገንዳ ውስጥ ስፖንጁ ላይ ያለው ባክቴሪያ ያንን አሞኒያ ይበላዋል። የእንቁላል ሳህንህ ውስጥ ግን ስፖንጅ የለም፣ ባክቴሪያም የለም። ጫጩቱ ተፈልፍሎ ሁለት ቀን ሳይሞላው የሚሞተው ምናልባት እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ ክሎራሚንንም አሞኒያንም እንደሚይዝ ጠርሙሱ ላይ የሚገልጽ ማጥፊያ ተጠቀም። ሁለተኛ፣ የሚሻለው፣ ለሳህኑ የቧንቧ ውሃ አትጠቀም፤ ከራሱ ከዋናው ገንዳ ቅዳ። ያ ውሃ በሁሉም ነገር የበሰለ ነው፣ ሙቀቱም ማዕድኑም እንቁላሉ ከተጣለበት ጋር አንድ ነው።

ደግሞ ልብ በል፦ በየዓመቱ ከመጋቢት አጋማሽ አካባቢ ጀምሮ ለጥቂት ሳምንት ቧንቧውን ለማጠብ ሲባል ወደ ተራ ክሎሪን ይቀይራሉ። ያኔ ሽታው ከበድ ይላል። በእነዚያ ሳምንታት ከገንዳው አንድ አምስተኛ በላይ በአንዴ አትቀይር። የአንተ ማራቢያ ወቅትም ከዚሁ ጋር ነው የሚገጥመው፣ አይ ዕድል።

ካልሲየም የበዛበት ውሃ በበኩሉ አያስጨንቅህ። የፍሎሪዳ ምንጮች ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው የሚወጡት፤ ፒኤች 7.5 ላይ ብሉፊን ደስ ይለዋል። የአር ኦ ውሃ (ማዕድኑ ተጣርቶ የወጣለት) ገዝተው ለስላሳ የሚያደርጉለት ሰዎች ገንዘባቸውን እያፈሰሱ ነው።

አርሊንግተን_ገንዳ፦

ጋሼ፣ እህቴ፣ ፖቶማክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማጥፊያውን አየሁት፣ ታዮሰልፌት ብቻ ነው። ለጫጩቶቹ የተፈጨ ፍሌክ ነበር የምሰጠው። እሱስ?

ክንፈ_ሰማያዊ፦

ፍሌኩ ጨረሳቸው በለኛ። አዲስ የተፈለፈለ ብሉፊን ግማሽ ሴንቲሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ አፉ የዱቄት ብናኝ የሚይዝ አይደለም። ደግሞ የማይንቀሳቀስ ነገር ምግብ መሆኑን አያውቅም። ያልተበላው ዱቄት ይበሰብሳል፣ አሞኒያው ይጨምራል፣ ፖቶማክ ካለው ጋር ሲደመር አለቀ።

የመጀመሪያው ሳምንት ምግብ ኢንፉሶሪያ ወይም ፓራሚሲየም ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚዋኙ እጅግ ደቃቅ ሕያዋን ናቸው። የገንዳ ውሃ በማሰሮ ሞልተህ ከፀሐይ ብርሃን ሳይርቅ አስቀምጥ፣ አንድ የደረቀ የሰላጣ ቅጠል ጣልበት። መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ይሸታል፤ ከዚያ ጥርት ማለት ሲጀምር ሕያዋኑ ሞልተዋል ማለት ነው። እንቁላል መልቀም በጀመርክበት ቀን ማሰሮውን ካዘጋጀህ ለመፈልፈያው ይደርሳል። በኮምጣጤ ውስጥ የሚረባው ቀጭን ትልም ጥሩ ነው፤ የአፕል ኮምጣጤና ውሃ እኩል በእኩል፣ አንድ ቁራጭ አፕል። ገንዳ ውስጥ ለቀናት በሕይወት ስለሚዋኝ ውሃ አያበላሽም። ማይክሮ ዎርም የሚባለው ደቃቅ ትል በአጃ ገንፎና በትንሽ እርሾ በቀላሉ ይረባል፣ ግን ሥር ወርዶ ይተኛል፤ ብሉፊን ጫጩት ደግሞ መሃልና ላይ ነው የሚያድነው።

ሆዳቸው ክብ ብሎ መታየት ሲጀምር ወደ አርቴሚያ ትሸጋገራለህ። ሃይላንድ ጠርሙስ ሥሩን ቆርጠህ ትገለብጠዋለህ፣ አፉ ወደ ታች። አንድ ሊትር ውሃ፣ 25 ግራም አዮዲን የሌለው ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የአርቴሚያ እንቁላል። የአየር ቱቦው እስከ ሥሩ ይውረድ፣ አረፋው ኃይለኛ ይሁን፤ እንቁላሉ አንድ ቦታ ከረጋ አይፈለፈልም። 27 ዲግሪ ላይ፣ መብራት በርቶ፣ 24 ሰዓት። ካልደረሰ 36 ድረስ ጠብቅ። ከዚያ አየሩን ዝጋ፣ አሥር ደቂቃ ይረጋ፤ ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፣ ብርቱካንማው ሕይወት ሥር ይከማቻል። ከታች ቀድተህ በቡና ፊልተር ወረቀት አጥልል፣ በንጹሕ ውሃ እጠብ፣ ወዲያው ስጥ። በሰዓታት ውስጥ ከውስጡ ያለውን ስብ ራሱ ስለሚጨርሰው ለነገ የተቀመጠ አርቴሚያ ባዶ ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ። የጫጩቱ ሆድ ብርቱካን መስሎ ካልታየ አልበላም። ሁለት ትናንሽ ቀንድ አውጣ እዚያው ክተት፣ የተረፈውን ያጸዱታል። ከሁሉ በፊት ደግሞ በመጠን ለያቸው፤ የሦስት ሳምንቱ የሦስት ቀኑን ይውጠዋል።

አልጌ_ጠላ፦

ርዕሱ ብሉፊን ቢሆንም ባንዲራ ዓሣን ሳናነሳ ብናልፍ ነውር ነው። ጆርዳኔላ ፍሎሪዴ በ1879 የተሰየመ የፍሎሪዳ ልጅ ነው፤ የወንዱ ጎን ላይ ያለው ቀይ ሰረዝ የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማ ስለሚመስል ነው ስሙ። ጀማሪ ከሆነ ሰው ከዚህ ይጀምር እላለሁ። ከገንዳ ዕፅዋት ላይ የፀጉር አልጌን ሲቀጭ ማየት አንድ ነገር ነው፣ ማራባቱም ይቀላል፤ አባትየው ራሱ ይጠብቃልና።

የሚያጣላው ቁጣው ነው። 75 ሊትር፣ አንድ ወንድ፣ ሦስት ሴት፣ ብዙ መደበቂያ። ሁለት ወንድ በዚያ ገንዳ አይኖሩም። ሴቷን በጀርባ ክንፏ ጫፍ ባለው ጥቁር ነጥብ ትለያታለህ። ወንዱ ከሥር በኩል አንድ የሞስ ክምር ወይም የሰጠመ ሞፕ ይመርጣል፣ ሴቷን እየጠራ ያመጣል፣ ከተጣለ በኋላ ግን ያቺኑ ሴት ያሳድዳታል። ክንፏ ሲተለተል ካየህ በዚያው ቀን ሴቶቹን አውጣ። ወንዱ እንቁላሉን በክንፉ ያናፍሳል። እንደ ሙቀቱ ከአንድ ሳምንት በላይ ወይም በታች ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹ መዋኘት ሲጀምሩ ወንዱንም ታወጣለህ። ለአባትነቱ ገደብ አለው።

ሥጋ ብቻ የሚመገብ ባንዲራ ዓሣ ሆዱ ይነፋል። ቆስጣ ለሁለት ደቂቃ ቀቅለህ በሹካ ወግተህ አስጥምለት፣ ስፒሩሊና ያለበት እንክብል ጨምር። ረጅም ክንፍ ካለው ከማንም ጋር አታስቀምጠው፤ ቤታ ከሱ ጋር ካኖርክ በሳምንት መላጣ ነው።

የቼሳፒክ_ጭቃ፦

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ከደጃችሁ ያለውን ሙሚቾግ ረሳችሁት። ፈንዱለስ ሄትሮክሊተስ፣ ጨዋማ ረግረግ ውስጥ የሚኖረው፣ የማጥመጃ ዕቃ የሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ ለመንጠቆ ማባበያ በደርዘን የሚቸረቸረው። በ1973 ስካይላብ በተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ ላይ ተጭኖ ጠፈር የሄደው የመጀመሪያው ዓሣ ይኸው ነው። አዋቂው ከ10 ሴንቲሜትር ሊያልፍ ስለሚችል 150 ሊትር ስጡት፤ በሊትር 10 ግራም የባሕር ጨው ይስማማዋል።

የሚገርመው እንቁላሉ ነው። ባሕሩ በአዲስና በሙሉ ጨረቃ ከፍ ሲል ዳር ያለው ሣር ሥር ይጥላል፤ ውሃው ሲሸሽ እንቁላሉ እርጥብ አየር ላይ ይቀራል፣ እዚያው ያድጋል፤ ቀጣዩ ከፍታ መጥቶ ሲሸፍነው ይፈለፈላል። ስለዚህ ሳህንና ሜቲሊን ብሉ አያስፈልገውም። የተለቀመውን እንቁላል በእርጥብ ሞስ መሃል አስተኝታችሁ ክዳን ባለው ዕቃ 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ተዉት፤ ሞሱ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋጥር። ከዚያ በገንዳ ውሃ አጥለቅልቁት፤ የደረሰው በዚያው ሰዓት መውጣት ይጀምራል። ሻጋታ በጣም ያንሳል፣ እንቁላሎቹ አንድ ላይ ስለማይነካኩ።

ከማጥመጃ ሱቅ የተገዛ ዓሣ ጥገኛ ትል አያጣውም። ወር ለብቻው ሳይቆይ ከሌላ እንዳይቀላቀል። ከወንዝ ራሳችሁ ማጥመድ ከፈለጋችሁ ደግሞ የየስቴቱን ሕግ አንብቡ፣ ፈቃዱና መጠኑ ይለያያል፤ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አይሞከርም። የኔቫዳው የዴቭልስ ሆል ፐፕፊሽ ለምሳሌ በ2013 ጸደይ ሲቆጠር 35 ብቻ ነበር የቀረው፤ እንዲህ ያለው ከኪሊ ወገን ቢሆንም ለቤት አይታሰብም።

ሐዋሳ_ዳር፦

ከሀገር ቤት ሰላምታ ይድረሳችሁ። እዚህ ሱቁ ጉፒና ወርቅ ዓሣ ብቻ ነው። የኪሊፊሽ እንቁላል በደረቅ አፈር ለወራት ይቀመጣል ሲባል ሰምቻለሁ። የብሉፊን እንቁላል በፖስታ ቢላክ ይደርሳል?

ሞስ_አብቃይ፦

ለወራት የሚቆየው እንደ አፍሪካዎቹ ኖቶብራንከስ ያሉ ኪሊዎች እንቁላል ነው፤ ኩሬው ሲደርቅ አፈር ውስጥ ተኝቶ ዝናብ የሚጠብቀው። እንደ ብሉፊን ያሉት ኪሊዎች እንዲህ ያለ እንቅልፍ የላቸውም፤ ዕድገቱ አይቆምም። በእርጥብ ሞስ ተጠቅልሎ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን። ከዚያ ካለፈ ፖስታው ውስጥ ያልቃል። የማስገቢያ ፈቃዱን አስቀድመህ ጠይቅ፤ ጉምሩክ ላይ ሦስት ቀን ከዋለ ነገሩ አበቃ። ደርሶልህ ብታረባ ደግሞ ትርፉን ወደ ሐይቁ እንዳትለቅ፣ አደራ።

በነገራችን ላይ እኛም የራሳችን አለን። አፍዴራ ሐይቅ ውስጥ፣ ደናክል፣ በ2001 የተሰየመ ኪሊ ይኖራል፤ ከዚያ ሐይቅ በስተቀር የትም የለም። ጨውን ይችላል፤ ሙቀትን መቻሉ ደግሞ ከዚያ የኔቫዳ በረሃ ዓሣ ጋር ያመሳስለዋል።

አርሊንግተን_ገንዳ፦

አንድ ነገር ቀረ። ከወንዶቹ አንዱ ክንፉ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቢጫ ያደላ ነው። የሁለቱ ዘር ቢቀላቀል ችግር አለው?

ክንፈ_ሰማያዊ፦

ፍሎሪዳ ውስጥ እንደ ዋኩላ ባሉ ጥርት ያሉ ምንጮች ቢጫና ቀይ ይበዛል፤ እንደ ኤቨርግሌድስ የሻይ ቀለም ያለው ረግረግ ውስጥ ሰማያዊው ይበዛል። ከፊሉ የዘር ነው፣ ከፊሉ ጫጩቱ ያደገበት ውሃ ብርሃን ያመጣው። ሁለቱ ከአንድ ቦታ ከመጡ ይዳቀሉ፣ ተፈጥሮ ውስጥም አብረው ናቸው። ከሁለት ቦታ ከሆኑ ግን ለያቸው፤ አንዴ የተቀላቀለ ዘር የትም ቦታ ነው ተብሎ አይመዘገብም፣ የኪሊ አርቢዎች ማኅበራት ውስጥም የሚፈልገው ሰው አይኖርም። ከሻጩ የቦታውን ስም ጠይቅና ገንዳው ላይ ከቀኑ ጋር ለጥፍ።

ከብርዱ ሲወጡ ደግሞ ወዲያው አትቀላቅል። ሴቶቹን ለሳምንት ለብቻ አብላቸው፣ ከዚያ አንድ ወንድ ለሁለት ሴት አድርገህ ማታ አስገባ፤ ጠዋት ሞፑን ፈትሽ። እና ክዳኑ ላይ ለቱቦው የተቆረጠውን ቀዳዳ በስፖንጅ ድፈነው፣ በሁለት ሴንቲሜትር ክፍተት ይዘላሉ።